የሰርቲፋይድ ፋይናንሻል ፕላነሮች የሥነ ምግባር ቁጥጥር

የሰርቲፋይድ ፋይናንሻል ፕላነሮች የሥነ ምግባር ቁጥጥር በአሜሪካ «ሰርቲፋይድ ፋይናንሻል ፕላነር»፣ በአጭሩ «ሲ.ኤፍ.ፒ.»፣ የሚለውን የሙያ መጠሪያ የያዙ የፋይናንስ እቅድ አማካሪዎች የሥነ ምግባር ደንባቸውን እንዲያከብሩ የሚደረግበት፣ የጣሱትም የሚጠየቁበት አሠራር ነው። አሠራሩን የሚመራው ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኝ፣ «ሲ.ኤፍ.ፒ. ቦርድ» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የግል ድርጅት ነው። ቦርዱ የመንግሥት አካል አይደለም፤ የገንዘብ ቅጣት መጣል፣ ለተበደለ ደንበኛ ካሣ ማስከፈል ወይም አንድን ሰው ከሥራው ማገድ አይችልም። ሥልጣኑ የሚመነጨው የመጠሪያው የንግድ ምልክት ባለቤት ከመሆኑ ነው፤ ደንቡን የጣሰን ሰው ይገሥጻል፣ ምልክቱን እንዳይጠቀም ለጊዜው ያግዳል፣ ወይም ምልክቱን ለዘለቄታው ይነጥቃል። በ2024 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ይህን መጠሪያ የያዙ ሰዎች ቁጥር ከ100,000 አልፏል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥጥሩ ያስፈለገበት ምክንያት

የፋይናንስ እቅድ አማካሪ የአንድን ሰው ወይም ቤተሰብ ገቢ፣ ዕዳ፣ ቁጠባ፣ መድን፣ ግብር፣ የጡረታ ዝግጅትና ውርስ በአንድነት ተመልክቶ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሠራተኞች ለጡረታቸው የሚተማመኑት ከደመወዛቸው እየተቀነሰ በስማቸው በተጠራቀመና በአክሲዮን ወይም በቦንድ ላይ በዋለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚመርጠው ሠራተኛው ስለሆነ ምርጫው ቢበላሽ ኪሣራውም የራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ከአማካሪ የሚገኝ አንድ ምክር የዕድሜ ልክ ቁጠባን ሊያለማ ወይም ሊያጠፋ ይችላል።

የአማካሪው ገቢ ከሁለት ወገን ሊመጣ ይችላል። አንዱ ደንበኛው በሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ወይም ከሚተዳደርለት ገንዘብ በመቶኛ የሚከፍለው ክፍያ ነው። ሌላው ደንበኛው ለገዛው የመድን ወይም የኢንቨስትመንት ምርት ሻጩ ኩባንያ ለአማካሪው የሚሰጠው ኮሚሽን ነው። ከሁለቱም የሚቀበሉ ብዙ ናቸው።

ለምሳሌ 200,000 ዶላር የጡረታ ቁጠባ ያላት አንዲት መምህርት ምክር ጠየቀች እንበል። አማካሪው 5 በመቶ ኮሚሽን የሚያስገኝ የመድን ምርት ቢሸጥላት ወዲያውኑ 10,000 ዶላር ያገኛል። ገንዘቧን ራሱ እያስተዳደረ በዓመት 1 በመቶ ቢያስከፍላት የመጀመሪያው ዓመት ገቢው 2,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ በአሠሪዋ የጡረታ ሒሳብ ውስጥ እንዳለ ይቆይ ብሎ ቢመክራት ግን ምንም ላያገኝ ይችላል። ለመምህርቷ የሚበጀው ይህ የመጨረሻው ምክር ሊሆን ይችላል። የአማካሪው ጥቅምና የደንበኛው ጥቅም እንዲህ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ የጥቅም ግጭት ተፈጠረ ይባላል።

ችግሩን የሚያከብደው ደንበኛው የምክሩን ጥራት በራሱ ለመመዘን መቸገሩ ነው። ልብስ የገዛ ሰው ስፌቱ ሲተረተር ወዲያው ያያል፤ መጥፎ የጡረታ ምክር የተቀበለ ሰው ግን ጉዳቱን የሚያውቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሠርቶ መተካት በማይችልበት ዕድሜ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ «የፋይናንስ እቅድ አማካሪ» የሚለው ስም ብቻውን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተጠበቀ የሙያ ስም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ ለፋይናንስ እቅድ አማካሪዎች ብቻ ተብሎ የወጣ ቀጥተኛ ቁጥጥር እንደሌለ፣ ሆኖም አብዛኛው ሥራቸው በኢንቨስትመንት ምክር፣ በሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሽያጭና በመድን ሕጎች እንደሚሸፈን ገልጿል። በዘርፉ የሚሰጡት የሙያ መጠሪያዎችም ብዙ ናቸው፤ ፊንራ በሚባለው የዘርፉ ተቆጣጣሪ አካል ዝርዝር ውስጥ ከ200 በላይ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ሲ.ኤፍ.ፒ. በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ታሪክ

የሙያው መነሻ በ1969 በቺካጎ ከተማ የተደረገ የመድንና የኢንቨስትመንት ባለሙያዎች ስብሰባ ነው። ተሰብሳቢዎቹ ምርት ከመሸጥ የተለየ፣ የደንበኛውን ጠቅላላ ኑሮ የሚመለከት የምክር ሙያ እንዲቋቋም ፈለጉ። ከዚህ በኋላ በዴንቨር የፋይናንስ እቅድ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በ1973 ተመረቁ።

እስከ 1985 ድረስ ትምህርቱን የሚሰጠውም ሆነ የምልክቱ ባለቤት ኮሌጁ ነበር። በዚያ ዓመት ምልክቱን የሚይዝ፣ ፈተና የሚያወጣና ዲሲፕሊን የሚያስከብር ራሱን የቻለ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ በ1994 የአሁኑን ስሙን ያዘ፤ በ2007 ደግሞ ከዴንቨር ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ።

የሥነ ምግባር ደንቡ በየጊዜው ጠብቋል። ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የአደራ ግዴታን ያካተተ ቢሆንም፣ ግዴታው የሚመለከተው ፕላነሩ የእቅድ አገልግሎት ሲሰጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያው ሰው ለያው ደንበኛ አንድ ምርት ብቻ ሲሸጥ በዝቅተኛ መመዘኛ ሊዳኝ ይችል ነበር። በ2018 የጸደቀው አዲሱ ደንብ ይህን ክፍተት ዘጋ፤ ማንኛውም የፋይናንስ ምክር በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ የደንበኛው ጥቅም እንዲቀድም አዘዘ። ይህ ደንብ ከጥቅምት 1 ቀን 2019 ጀምሮ ጸና፤ ጥሰቱ ማስጠየቅ የጀመረው ግን ከሰኔ 30 ቀን 2020 ወዲህ ነው።

የደንቡ ይዘት

የ2018ቱ ደንብ በስድስት መሠረታዊ ግዴታዎች ይጀምራል። እነዚህም፦

• በሐቀኝነት፣ በቅንነት፣ በብቃትና በትጋት መሥራት፤
• የደንበኛውን ጥቅም ማስቀደም፤
• ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ፤
• የጥቅም ግጭትን ማስወገድ፣ ካልሆነም ለደንበኛው ማሳወቅና በአግባቡ መያዝ፤
• የደንበኛውን ምሥጢርና የግል መረጃ መጠበቅ፤
• ለሙያውና ለምልክቱ ክብር በሚመጥን ሁኔታ መገኘት ናቸው።

የደንቡ እምብርት የአደራ ግዴታ ነው። ግዴታው ሦስት ክፍሎች አሉት። የታማኝነት ግዴታ የራስን ወይም የድርጅትን ጥቅም ከደንበኛው ጥቅም በፊት ማስቀደምን ይከለክላል። የጥንቃቄ ግዴታ ምክሩ የደንበኛውን ዓላማ፣ አቅምና ኪሣራ የመቋቋም ሁኔታ ያገናዘበ እንዲሆን ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ የደንበኛውን ሕጋዊና ተገቢ መመሪያ የመከተል ግዴታ ነው።

ደንቡ ኮሚሽን መቀበልን አይከለክልም። የሚከለክለው ኮሚሽኑን መደበቅና ለኮሚሽን ሲባል የማይበጅ ምክር መስጠት ነው። በተለይ «ክፍያ ብቻ» የሚለውን አገላለጽ፣ ማለትም «ገቢዬ ከደንበኛው ብቻ ነው» ማለትን፣ ፕላነሩም ሆነ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ድርጅቶች ከምርት ሽያጭ የሚያገኙት ገቢ ካለ መጠቀም አይቻልም።

ሌላው አስፈላጊ ክፍል ራስን የማስታወቅ ግዴታ ነው። ፕላነሩ በወንጀል ከተከሰሰ ወይም ከተፈረደበት፣ በተቆጣጣሪ አካል ከተቀጣ፣ በጥፋት ምክንያት ከሥራ ከተሰናበተ ወይም ኪሣራ ካወጀ፣ ይህንኑ በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ማሳወቅ አለበት። አለማሳወቁ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

የመግቢያ ማጣሪያ

ቁጥጥሩ የሚጀምረው ምልክቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። አመልካቹ አራት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅበታል፦ ትምህርት፣ ፈተና፣ የሥራ ልምድና ሥነ ምግባር። የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው፣ የተወሰነ የፋይናንስ እቅድ ትምህርት ሊወስድ፣ 170 ጥያቄዎች ያሉትን ፈተና ሊያልፍና የ6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ወይም በባለሙያ ሥር የተሠራ የ4,000 ሰዓት ልምምድ ሊያቀርብ ይገባል።

በሥነ ምግባር ረገድ አንዳንድ ጥፋቶች በሩን ጨርሶ ይዘጋሉ። በስርቆት፣ በገንዘብ ማጭበርበር ወይም በግብር ማጭበርበር የተፈረደበት፣ ወይም የፋይናንስ የሙያ ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ምልክቱን አያገኝም። ከሁለት ጊዜ ያላነሰ የግል ኪሣራ ያወጀ አመልካች ደግሞ ብቁ እንዳልሆነ ይገመታል፤ ሆኖም ጉዳዩ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ምልክቱን ያገኙትም በየሁለት ዓመቱ ሲያድሱ ስለ ራሳቸው የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ይመልሳሉ፤ የሥነ ምግባር ትምህርትም ይወስዳሉ።

የአቤቱታ አካሄድ

ምርመራ የሚጀመረው ከደንበኛ በሚቀርብ አቤቱታ፣ ከፕላነሩ በሚመጣ ማስታወቂያ፣ ቦርዱ በሚያደርገው ማጣራት ወይም ከተቆጣጣሪ አካላትና ከፍርድ ቤቶች በሚገኝ መረጃ ነው። የቦርዱ ሠራተኞች ለፕላነሩ ምርመራ መጀመሩን ያሳውቁታል፤ ሰነድና መልስ እንዲሰጥም ይጠይቁታል። በቂ ምክንያት ካላገኙ ጉዳዩን ይዘጋሉ። ካገኙ ደግሞ የቦርዱ ጠበቆች ክሱን በጽሑፍ አዘጋጅተው «የዲሲፕሊንና የሥነ ምግባር ጉባኤ» ለሚባለው አካል ያቀርባሉ።

የጉባኤው አባላት በአብዛኛው ምልክቱን የያዙ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕዝቡን የሚወክሉ፣ የሙያው አባል ያልሆኑ ሰዎችም አሉበት። ከጉባኤው የሚመረጥ ቡድን የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማል። ፕላነሩ ጠበቃ ማቆም፣ ማስረጃ ማቅረብና ምስክር መጥራት ይችላል። የማስረዳቱ ሸክም የቦርዱ ጠበቆች ነው፤ መመዘኛው ግን እንደ ወንጀል ችሎት ጥብቅ ሳይሆን፣ እንደ ፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ወደየትኛው ወገን እንደሚያመዝን ማየት ነው። ፕላነሩ ቀድሞ በፍርድ ቤት ወይም በሌላ ተቆጣጣሪ ጥፋተኛ ከተባለ፣ ያ ውሳኔ በጉባኤው ፊት እንደ ማስረጃ ይጸናል፤ ነገሩ እንደገና አይከራከርበትም።

ለክሱ መልስ አለመስጠት ማምለጫ አይሆንም። ዝም ያለ ፕላነር ክሱን እንዳመነ ተቆጥሮ ምልክቱን ሊያጣ ይችላል። በውሳኔው ያልተስማማ ደግሞ ለይግባኝ ሰሚው አካል ማመልከት ይችላል።

የቅጣት ዓይነቶች

ጉባኤው ጥፋት መፈጸሙን ካረጋገጠ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ እርምጃዎች አሉት፦

• በግል የሚሰጥ ተግሣጽ፦ ለፕላነሩ ብቻ በጽሑፍ የሚደርስ፣ ለሕዝብ የማይገለጽ ወቀሳ ነው።
• በይፋ የሚሰጥ ተግሣጽ፦ ወቀሳው ከፕላነሩ ስም ጋር ለሕዝብ ይወጣል።
• እገዳ፦ ፕላነሩ ለተወሰነ ጊዜ ምልክቱን እንዳይጠቀም ይደረጋል።
• መንጠቅ፦ ምልክቱ ለዘለቄታው ይወሰዳል።

አመልካቾችን በሚመለከት ደግሞ ለጊዜው ወይም ለሁልጊዜው ምልክቱን እንዳያገኙ መከልከል ይቻላል። ጥፋቱ ከባድ ሆኖ ሕዝብን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲመስል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ሳይሰጥ ጊዜያዊ እገዳ ሊጣል ይችላል። በእነዚህ ላይ ተጨማሪ ትምህርት እንዲወሰድ ማዘዝም የተለመደ ነው።

የሥልጣኑ ወሰን

የቦርዱ ኃይል በውል ላይ የቆመ ነው። ፕላነሩ ምልክቱን ሲቀበል ለደንቡና ለዲሲፕሊን ሥርዓቱ ለመገዛት ይስማማል፤ ቦርዱም ውሉ የሚፈቅድለትን ያህል ብቻ ይሄዳል። ይህ ሦስት ውጤቶች አሉት።

አንደኛ፣ ቦርዱ እንደ ፍርድ ቤት ሦስተኛ ወገንን አስገድዶ ሰነድ ማስቀረብ ወይም ምስክር ማስመጣት አይችልም። ሁለተኛ፣ ሥልጣኑ በግለሰቦች ላይ እንጂ በሚቀጥሯቸው ድርጅቶች ላይ አይደለም፤ ጥፋቱ የድርጅቱ የሽያጭ ግፊት ያመጣው ቢሆንም የሚጠየቀው ግለሰቡ ነው። ሦስተኛ፣ ምልክቱን የተነጠቀ ሰው ከመንግሥት ወይም ከፊንራ ያገኘው ፈቃድ እስካለ ድረስ በሌላ መጠሪያ ምክር መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል።

አስገዳጅ ሥልጣን ያላቸው አካላት ሌሎች ናቸው። የሰነደ ሙዓለ ንዋዮችና የገበያ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤስ.ኢ.ሲ.፣ በ1940 በወጣው የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ሕግ መሠረት ትላልቅ አማካሪ ድርጅቶችን ይቆጣጠራል፤ አነስተኞቹን ክፍላተ ግዛቶች ይቆጣጠሯቸዋል። ፊንራ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ደላሎችን ይመረምራል፣ ይቀጣል፣ ከሥራም ያግዳል። መድን የሚሸጡት ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ የመድን መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። ስለዚህ አንድ ፕላነር በአንድ ጊዜ ለሦስት ወይም ለአራት አካላት ተጠሪ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የተበደለ ደንበኛም ካሣ የሚጠይቀው በፍርድ ቤት ወይም በግልግል ዳኝነት እንጂ በሲ.ኤፍ.ፒ. ቦርድ አይደለም።

በ«ክፍያ ብቻ» ላይ የተነሣው ክርክር

በኅዳር 2012 የቦርዱ ሊቀ መንበር የነበሩት ባለሙያ የገቢ ምንጫቸውን በትክክል አልገለጹም በሚል ጥያቄ ምክንያት ከኃላፊነታቸው ለቀቁ፤ በ2013ም በይፋ ተገሠጹ። በዚያው ዓመት በትላልቅ የደላላ ድርጅቶች ተቀጥረው የሚሠሩ በርካታ ፕላነሮች በቦርዱ የፍለጋ ገጽ ላይ ራሳቸውን «ክፍያ ብቻ» ብለው መመዝገባቸው ታወቀ። ቦርዱ እነዚህን ከመቅጣት ይልቅ ምዝገባውን ሰርዞ እንደገና እንዲሞሉ አደረገ። ተቺዎች ይህን አድልዎ አሉት፤ አንዱ ተገሥጾ ብዙዎች በዝምታ ታልፈዋልና።

በፍሎሪዳ የሚሠሩ ባልና ሚስት ፕላነሮችም በዚሁ አገላለጽ ምክንያት ጉባኤው የወሰነባቸውን ይፋዊ ተግሣጽ በመቃወም በ2013 ቦርዱን ፍርድ ቤት ከሰሱት። ክርክሩ ደንበኞቻቸውን በክፍያ ብቻ እያገለገሉ፣ ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ሌላ የመድን ድርጅት ኮሚሽን መቀበሉን የሚመለከት ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2015 ለቦርዱ ፈረደ። ጉዳዩ የሙያ ማኅበራት ፍትሐዊ ሥርዓት እስከተከተሉ ድረስ የራሳቸውን ደንብ የመተርጎም ሰፊ ነፃነት እንዳላቸው የሚያሳይ ምሳሌ ሆኗል።

የ2019 ቀውስ

የቁጥጥሩ ትልቁ ፈተና የመጣው በሐምሌ 2019 ነው። «ዎል ስትሪት ጆርናል» ጋዜጣ ቦርዱ ለሕዝብ ባዘጋጀው የፍለጋ ገጽ ላይ የተዘረዘሩትን 72,000 ገደማ ፕላነሮች በፊንራ ከተያዘው የሕዝብ መዝገብ ጋር አመሳከረ። ከ6,300 በላይ የሚሆኑት በፊንራ መዝገብ ላይ የደንበኛ አቤቱታ፣ የወንጀል ወይም የቁጥጥር ጉዳይ ሰፍሮባቸው ሳለ፣ የቦርዱ ገጽ ግን ንጹሕ አድርጎ ያሳያቸው እንደነበር ዘገበ።

መዝገቡ ምሥጢር አልነበረም፤ ማንም ሰው በነፃ ሊያየው ይችል ነበር። ቦርዱ ግን በዋናነት የሚተማመነው ፕላነሮቹ ስለ ራሳቸው በሚሰጡት ቃል ላይ ነበር። ጥፋቱን የመደበቅ ምክንያት ያለው ሰው ጥፋቱን እንዲያስታውቅ መጠበቁ የአሠራሩ ደካማ ጎን ሆኖ ተገኘ። በመዝገብ ላይ አቤቱታ መስፈሩ ብቻውን ጥፋተኝነትን አያሳይም፤ አንዳንዱ አቤቱታ መሠረት የሌለው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ደንበኛው መረጃውን አይቶ ራሱ እንዲመዝን ዕድል አልተሰጠውም ነበር።

ቦርዱ ከዘገባው በኋላ በፍለጋ ገጹ ላይ ወደ ፊንራና ወደ ኤስ.ኢ.ሲ. መዝገቦች የሚያደርሱ ማገናኛዎችን ጨመረ። በቀድሞ የቴክሳስ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ተቆጣጣሪ የሚመራ ገለልተኛ ቡድንም አቋቋመ። ቡድኑ ችግሩ የአንድ ክፍል ስህተት ሳይሆን ከአመራሩ የሚጀምር መሆኑን፣ ለቁጥጥር ሥራው በቂ አቅም እንዳልተመደበለት ገለጸ፤ ቦርዱ የአመልካቾችንና የባለ ምልክቶችን የኋላ ታሪክ በራሱ እንዲያጣራ መከረ። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ ከተቆጣጣሪዎች መዝገብ ጋር እያመሳከረ ማጣራት ጀምሯል።

ደንበኛ ሊያደርገው የሚችለው ማጣራት

ከ2019ኙ ልምድ በመነሣት፣ ምልክቱን መያዝ ብቻውን የንጽሕና ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድም። የአንድን ፕላነር ታሪክ በሚገባ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቦርዱ ማጣሪያ ሲሆን፣ ሰውየው በእርግጥ ምልክቱን መያዙንና በይፋ የተቀጣ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው የፊንራ መዝገብ «ብሮከርቼክ» ነው፤ ደላሎች የሠሩባቸውን ድርጅቶችና የቀረበባቸውን አቤቱታ ይዟል። ሦስተኛው የኤስ.ኢ.ሲ. የአማካሪዎች መዝገብ ነው፤ በዚህ ውስጥ አማካሪ ድርጅቱ የገቢውን ምንጭና የጥቅም ግጭቱን የገለጸበት ሰነድ ይገኛል። ሦስቱም ያለ ክፍያ ይታያሉ። መድን የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ የመድን መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ያረጋግጣል።

ከአሜሪካ ውጭ

ከአሜሪካ ውጭ የምልክቱ ባለቤት በ2004 የተቋቋመውና መቀመጫው ዴንቨር የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እቅድ መመዘኛዎች ቦርድ ነው። ይህ ድርጅት በየአገሩ ካሉ የሙያ ተቋማት ጋር ይሠራል፤ ዲሲፕሊኑን የሚያስከብሩትም እነዚሁ ተቋማት ናቸው። በአፍሪካ በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የደቡባዊ አፍሪካ የፋይናንስ እቅድ ተቋም ምልክቱን ይሰጣል፤ በዚያ አገር በ2002 የወጣ የፋይናንስ ምክር ሕግም አለ።

በኢትዮጵያ የኢንቨስትመንት ምክር ቁጥጥር የሚደረግበት በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። አዋጁ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ ይሰጣል፣ ያግዳል፣ ይሰርዛል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ፈቃድ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የሥልጣኑ ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ ፈቃዱን ያጣ አማካሪ ሥራውን ለመቀጠል ሕጋዊ መብት አይኖረውም፤ በአሜሪካ ሲ.ኤፍ.ፒ. የሚለውን ያጣ ሰው ግን የሚያጣው መጠሪያውንና መጠሪያው ያስገኘለትን አመኔታ ነው።